ሰማያዊው የትኛው ነው?

በምሠራበት የአናቶሚ ላቦራቶሪ ከለጋሽ የተገኙት የክዌስት 2 የቪአር መነጽሮች (በኮምፒውተር የተሠራ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል የሚያሳዩ) ሥራ በጀመሩበት ዓመት፣ በተግባር ፈተናው ላይ አንድ ጎበዝ ተማሪ አስከሬኑን ደጋግሞ ከዞረው በኋላ ጠጋ ብሎኝ «ሰማያዊው የትኛው ነው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

በመነጽሩ ውስጥ ኦክስጅን የበዛበት ደም የሚያልፍበት ቧንቧ ቀይ፣ ያነሰበት የሚያልፍበት ሰማያዊ፣ ነርቭ ደግሞ ቢጫ ነው፤ በፎርማሊን በተጠበቀ አስከሬን ላይ ግን ሁሉም ወደ ግራጫና ቡኒ ያደላል። የባሰው ፐልሞናሪ አርተሪ ላይ ነበር። ኦክስጅን ያነሰውን ደም ከልብ ወደ ሳንባ ስለሚወስድ በመነጽሩ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ የግድግዳውን ውፍረት በጣታቸው እንኳ ሳይፈትሹ፣ ቀለሙን ብቻ አስታውሰው «ቬይን» (ደም ወደ ልብ የሚመልስ፣ ግድግዳው ከአርተሪ የሳሳ ቧንቧ) ብለው ጻፉ።

ስለ ውጤቱ በተጠራው ስብሰባ ላይ፣ መነጽሮቹን ለማስመጣት የደከሙት ኃላፊያችን ጥቂት አሰቡና «አስከሬኑን ቀለም ብንቀባውስ?» አሉ። ሐሳቡ የሚመስለውን ያህል አስቂኝ አይደለም፤ ደም ሥር ውስጥ ባለቀለም ላቴክስ (ፈሳሽ ጎማ) መውጋት የቆየ የአናቶሚ ልማድ ነው። ሆኖም አስከሬን ሲያዘጋጁ የሸበቱት የላቦራቶሪው ረዳት፣ በስብሰባ ላይ እምብዛም የማይናገሩት ጋሼ፣ እጃቸውን አውጥተው «ይቀባ፣ ዶክተር፤ ኦፕሬሽን ክፍል የሚተኛውንስ ታካሚ ማን ይቀባልናል?» አሉ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አቀርቅሬ ማስታወሻ የምይዝ መሰልኩ።

መነጽሩን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አንድ አስከሬን ከብበው ሲማሩ ከኋላ ቆመው ከጓደኞቻቸው ጀርባ በቀር ምንም የማያዩት ተማሪዎች፣ የልብን ክፍሎች ከውስጥ ሆነው ያዩት በእርሱ ነው፤ የትኛው አካል ከየትኛው በስተጀርባ እንዳለ ሲጠየቁም ከቀደሙት ተማሪዎች በተሻለ መልሰዋል።

ለለጋሹ በተላከው ሪፖርት ስለ ፈተናው አንድም መስመር አልተጻፈም። ይልቁንም ክዌስት 3 እንዲገዛ ተወሰነና የቴክኒክ ማብራሪያውን እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ክዌስት 2 በካሜራው በኩል አካባቢን የሚያሳየው በጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ክዌስት 3 ግን በቀለም ያሳያል። ስለሆነም «ተማሪው መነጽሩን ሳያወልቅ እውነተኛውን አስከሬን በተፈጥሮ ቀለሙ ለማየት ያስችለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው አነበቡትና ፈረሙበት።