አዲስ አባል የሚገኘው ከሜዳው አጥር ውጭ ነው

የአካባቢ ስፖርት ክለቦች አባል ሲያንሳቸው ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚወስኑት ማስታወቂያ ማውጣት ነው። ወረቀት ይለጠፋል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የምዝገባ ጥሪ ይተላለፋል፣ ከዚያም ሰው እስኪመጣ ይጠበቃል። እኔ እንደማምነው ግን አብዛኛው ሰው ከክለብ የሚርቀው መኖሩን ስላልሰማ ሳይሆን እርሱን ለመሰለ ሰው የተቋቋመ ስላልመሰለው ነው። ልምምዱን በአጥር በኩል እያየች የምታልፍ እናት፣ ከወጣትነቱ ወዲህ ሮጦ የማያውቅ ጎልማሳ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ወጣት፣ ሁሉም ክለቡን ያውቁታል፤ ኑ ብሎ የጠራቸው ግን የለም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት ግን በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ከዚህ መጠን በታች ነበር። በጎበዝ ተጫዋቾች ላይ ብቻ የሚያተኩር ክለብ ከሌሎች ክለቦች ጋር ጥቂቶችን ሲሻማ ይህን ሁሉ ሰው ይተወዋል።

ስለዚህ ወደ ማኅበረሰቡ መውጣት ሲባል መጀመሪያ ለማስተዋወቅ ሳይሆን ለመጠየቅ መሆን አለበት። ወደ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ ጤና ተቋማት፣ አረጋውያን ወደሚሰባሰቡበት ቦታና ወደ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት ሄዶ «እንዳትመጡ የሚያግዳችሁ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ ያስፈልጋል። መልሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ ሰዓቱ አይመችም፣ ልጅ የሚይዝልኝ የለም፣ ማታ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ሴት አሠልጣኝ ብትኖር እመርጣለሁ፣ ሰው ይስቅብኛል ብዬ እፈራለሁ። እነዚህን መልሶች ሰምቶ መርሐ ግብሩን ሳይነካ የሚመለስ ክለብ ባይወጣ ይሻለው ነበር፤ ሐሳቡን የሰጠው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ አያምንምና።

የጨዋታውን ሕግ እስከ መለወጥ የደረሱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዟ ቼስተርፊልድ ለጎልማሶችና ለአረጋውያን ታስቦ የተጀመረው በእርምጃ የሚካሄድ እግር ኳስ መሮጥን ይከለክላል። ይህ አንድ ገደብ ብቻ ጉልበቱ የደከመውንና ጉዳት የሚያሠጋውን ሰው ወደ ሜዳ መልሶታል፤ ጨዋታውም ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል።

የተጋበዘው ሰው ከመጣ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን ከሁሉም በላይ ያሳስቡኛል። ብዙ ክለቦች በዓመት አንድ ጊዜ ሞቅ ያለ የትውውቅ ቀን ያዘጋጃሉ፤ ሙዚቃ አለ፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ሜዳው ይሞላል። በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱ ሰው ብቻውን ሲመጣ ስሙን የሚያውቅ አያገኝም፣ የትኛው ቡድን ውስጥ እንደሚገባም አይነገረውም፣ ለዓመታት አብረው የሠለጠኑት እርስ በርስ ሲጨዋወቱ ዳር ቆሞ ያያል፤ ከዚያ ይቀራል። በእኔ እምነት ለዚያ ቀን የሚወጣው ገንዘብ ለጀማሪዎች ተብሎ በተለየ የአንድ ወይም የሁለት ወር መርሐ ግብር ላይ ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል። ጀማሪዎቹ በአንድ ቀን አብረው ይጀምሩ፤ ሁሉም እኩል እንግዳ ሲሆኑ የሚያፍር አይኖርም። ለእያንዳንዱ ጀማሪ አንድ ነባር አባል ይመደብለት፤ ያ አባል በር ላይ ይቀበለው፣ ልብስ መቀየሪያውን ያሳየው፣ አንድ ቀን ከቀረ ደውሎ ደኅንነቱን ይጠይቀው። መዋጮውም ሆነ የራስን ትጥቅ መግዛት እስከ መርሐ ግብሩ ማብቂያ ይቆይ፤ ጫማ በውሰት ማግኘቱ ብቻ የሚወስንለት ሰው አለ።

ልጆችን በተመለከተ ጥንቃቄው ይጨምራል። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ሊገኝ፣ የአሠልጣኙ ማንነት አስቀድሞ ሊጣራ፣ በማንኛውም ልምምድ ላይ ከአንድ በላይ አዋቂ ሊገኝ ይገባል። ይህን በግልጽ የሚያሳውቅ ክለብ የወላጆችን እምነት ያገኛል፤ ልጁን ሊያደርስ የሚመጣውም ወላጅ ዳር ተቀምጦ ከሚጠብቅ በዚያው ሰዓት እርሱም የሚንቀሳቀስበት ቡድን ቢዘጋጅለት ሁለት አባላት በአንድ ጊዜ ይገኛሉ።

የሥራውን ውጤት በተመዘገበው ሰው ብዛት መለካት ያሳስታል። ከሦስትና ከስድስት ወር በኋላ እነማን እንደቀሩ፣ እነማን እንደቀጠሉ ማየትና የቀሩትን ያለ ወቀሳ ምክንያታቸውን መጠየቅ ይገባል። ከቀጠሉት መካከል ደግሞ ቢያንስ አንዱ በክለቡ አመራር ውስጥ ድምፅ ይኑረው፤ ለቀጣዩ ዙር ማንን፣ የትና በምን ሰዓት መጋበዝ እንደሚሻል ከነባሮቹ ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው።