አራስ ሳለሁ እግሬ ላይ የረጋው ደም

የወለድኩት ሐዋሳ ነው፣ በኦፕራሲዮን። ገና አራስ እያለሁ ግራ እግሬ አበጠ። ባቴ ጠነከረ፣ ሲነኩት ያቃጥላል፣ ስረግጥበት አያስቆመኝም። ቤተሰቡ ሁሉ «የአራስ ነው፣ ይጎድላል» አለ፣ እማዬም ወጌሻ አስጠርታ ልታሳሸኝ ነበር። እኔ ግን አንዱ እግር ብቻ ማበጡ አላማረኝም። ባጃጅ ተጠራልኝና ሐኪም ቤት ሄድኩ። የደም ዝውውርን በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታይ ጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል። እንዲህ ያለ እግር አይታሽም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል። ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት አደጋው ከፍተኛ ነው፣ ኦፕራሲዮን ደግሞ ይጨምረዋል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ሆድ ላይ የሚወጋውን ኢኖክሳፓሪን ከዋርፋሪን ኪኒን ጋር ጀመርኩ፣ ሁለቱም ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ ናቸው። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው፣ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ ሲረጋጋ መርፌው ቆመ፣ ኪኒኑ ቀጠለ። ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ነው። ከሁሉም ያስቸገረኝ ይሄ ቁጥር ነው፣ ሲወርድ ደም ሊረጋ ነው፣ ሲያልፍ ደግሞ መድማት አለ። እዚህ ቆጮና ጎመን ከቤት አይጠፋም፣ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ጉልበት ያዳክማል። ሐኪሟ ጎመን አትብዪ አላለችኝም፣ አንዴ ጠግበሽ በልተሽ አንዴ እርግፍ አድርገሽ አትተዪ፣ መጠኑ አይለዋወጥ ነው ያለችኝ። እንደዚያ ሳደርግ ቁጥሩ ልክ ገባ። ኪኒኑን ማታ ማታ በስልኬ ደወል እውጣለሁ። ሲያመኝ ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አልነካም፣ መድማትን ያባብሳሉ።

አማቴ «ያን ሁሉ መድኃኒት እየዋጥሽ እንዴት ታጠቢዋለሽ?» ብለው በጣም ተጨንቀው ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ይዣቸው ሄጄ ከሐኪሟ አፍ ሰሙ፦ መርፌውም ዋርፋሪኑም ጡት ማጥባት አይከለክሉም። ከዚያ በኋላ ኪኒኑን የሚያስታውሱኝ እሳቸው ሆኑ።

አራስ አይነሳም ቢባልም በግቢው ውስጥ ቀስ እያልኩ እራመድ ነበር፣ ውሃም በደንብ እጠጣለሁ። ለወሊድ መከላከያ ኢስትሮጅን ያለባቸውን ኪኒኖች ተከልክዬ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ አስገባሁ። ሌላ ልጅ ሳስብ ደግሞ ከማርገዜ በፊት ሐኪሟ ጋ እሄዳለሁ፤ ዋርፋሪን ፅንስ ይጎዳል፣ ለቀጣዩ እርግዝናም መርፌው ከመጀመሪያው ሊያስፈልገኝ እንደሚችል ተነግሮኛል።