ሪሞቷን ማን ያዛት?

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ነገር እምቢ ካለ ተከሳሹ ብርዱ ነው። መኪና አልነሳ ሲል ብርዱ፣ ሊጥ አልቦካ ሲል ብርዱ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጯን ያየ ሰው ክሱን አይጠራጠርም። እኔም ያን ሰሞን ሁለት ቀን ሙሉ ብርዱን ስከስ ከረምኩ።

አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ለስማርት ቦርድ የሚሆን ብር የለም። ያለን ፕሮጀክተር፣ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን ነፃ ሲስተም) የተጫነበት ላፕቶፕና አንድ የኒንቴንዶ ዊ ጌም ሪሞት ነው። ይቺ ሪሞት አፍንጫዋ ላይ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ብርሃን፣ የምታይ ካሜራ አለቻት። እስከ 4 የብርሃን ነጥብ ትከታተልና ያሉበትን ቦታ በብሉቱዝ ትልካለች። እኛ ከተበላሸ የቲቪ ሪሞት መብራቷን ነቅለን፣ ከአንድ ባትሪ ድንጋይ ጋር የማርከር ቀፎ ውስጥ ከተትናት። ሪሞቷ ፕሮጀክተሩ የሚያበራበትን ግድግዳ ስለምታይ፣ በዚያ ማርከር ግድግዳው ላይ ሲጻፍ ማውሱ ይከተላል። ዘዴው የኛ ፈጠራ አይደለም፤ ጆኒ ሊ የተባለ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2007 ያሳየው ነው።

አንድ ዓመት ያህል ያለ ችግር ሠራ። ክረምት ላይ ላፕቶፑን ወደ አዲስ የሊኑክስ ቅጂ አሳደግኩት። ኅዳር ላይ እንግዶች ክፍሉን ሊያዩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ፕሮግራማችን «ሪሞት አልተገኘም» አለ።

ባትሪ ቀየርኩ። አሁንም የለም። በእጄ አሻሸኋት። የፊዚክስ መምህሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «ጋቢ ውስጥ ጠቅልላት እንጂ» ብለው ሳቁብኝ። እውነቱን ለመናገር ጠቀለልኳት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ጋሼ ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩ። «አንተ፣ ይቺ አንደኛዋ መብራት ለምን በርታ ቀረች?»

ዝም አልኩ። ማንም ያላገናኛት ሪሞት ብልጭ ብልጭ ብላ ነው የምትጠፋው። አንደኛዋ መብራት ረግታ ከበራች ግን የሆነ አካል ይዟታል ማለት ነው። መጀመሪያውኑ ማየት የነበረብኝን የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ መዝገብ ያኔ ከፈትኩ። «አዲስ መሣሪያ ተመዝግቧል» ይላል። ከነሰዓቱ፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ቁልፍ በነካሁ ቁጥር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ከርነሉ ሪሞቷን አያውቃትም ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ብሉቱዝ ይከፍታል፣ በራሱ ይፈልጋታል፣ ቋንቋዋን በራሱ ይተረጉማል። የኛም እንደዚያ ነበር። ከዚያ ዴቪድ ኸርማን የሚባል ሰው ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉን ከመሣሪያ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ጻፈላትና በፈረንጆቹ 2011 በወጣው ሊኑክስ 3.1 ከርነሉ ውስጥ ገባች። ቁልፎቿ እንደ ማንኛውም ኪቦርድ ይነበባሉ፤ መብራቷ፣ ባትሪዋ፣ ንዝረቷ ሁሉ በከርነሉ በኩል ሆነ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ስለ ብሉቱዝ መጨነቅ ቀረለት። ግን ሪሞቷ በአንድ ጊዜ የምታገለግለው አንድ ጌታ ነው። ለከርነሉ ያጋባኋት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ክረምት ላይ ከባትሪዋ አጠገብ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ተጭኜ ከላፕቶፑ ጋር አጣምሬያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ራሷ ወደ ላፕቶፑ ትሮጣለች። የተያዘች ሪሞት ደግሞ ለሚፈልጋት ፕሮግራም አትታይም።

እንግዶቹ በማግስቱ ነበሩ። ከብሉቱዝ ዝርዝሩ ሰረዝኳት፣ ድራይቨሩም እንዳይጫን አገድኩት። ሠራ። እንግዶቹ ተደሰቱ፣ እኔም ጉዳዩን ረሳሁት።

ጥር ላይ አንዷ ባልደረባዬ ለተማሪዎች ክበብ በሪሞቷ የሚጫወቱት ጨዋታ ልትጭን ቅዳሜ መጣች። ቀኑን ሙሉ ታገለች። ሰኞ ስንገናኝ ሰላም እንኳን አላለችኝም፤ «ድራይቨሩን ያገድከው አንተ ነህ?» አለች። ነኝ። የትም አልጻፍኩትም ነበር።

ስለዚህ እገዳውን አነሳሁና የኛን ፕሮግራም ነጥቦቹን ከከርነሉ እንዲያነብ አድርጌ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ሌላ ጉድ መጣ። ጋሼ እስክሪብቶዋን ከግድግዳው ባነሱ ቁጥር ማውሱ ተስፈንጥሮ ጥግ ላይ ይለጠፋል። ተማሪው ይስቃል። አንድ ምሽት የነጥቡን ቦታ የሚናገሩትን የአግድምና የቁመት ቁጥሮች ቁጭ ብዬ ሳያቸው ብርሃን በሌለ ጊዜ ሁለቱም 1023 ናቸው። ካሜራዋ በቁመት የምትቆጥረው 768 ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቦታ በምስሉ ላይ የለም፤ ከርነሉ «ምንም አላይም» የሚለው በዚህ ነው። አንዲት መስመር ጨምሬ ጨረስኩ።

አሁን የላፕቶፑ ክዳን ላይ ምን እንደተቀየረና መቼ እንደተቀየረ የተጻፈበት ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፤ የመጀመሪያዋን መስመር የጻፈችው ባልደረባዬ ናት። ጋሼ ግን ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ሪሞቷን በስካርፋቸው ጠቅልለው ነው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጧት።