አንድ ዙም ሌንስ ለሁሉም ሥራ፦ የአባዶ ሠፈር የቅዳሜ ፍተሻ፣ ሦስተኛ ማስታወሻ

ያለፉት ሁለት ማስታወሻዎች ስለ ቦዲ (ሌንስ ስለሌለው የካሜራው አካል) እና ስለ ፍላሽ ነበሩ። ይሄኛው ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ (ቁጥሮቹ ፎካል ሌንግዝ የሚባሉት ናቸው፤ ትንሹ ሰፊ ቦታ ያስገባል፣ ትልቁ ሩቁን ያቀርባል) አልበቃው ብሎ "ሳልቀያይር ሁሉን የሚሠራልኝ ሌንስ የቱ ነው?" ለሚል ሰው ነው። ለቸኮለ መልሱ አጭር ነው፤ ካነን የያዘ ያገለገለ 18-135 ኤስቲኤም (ጸጥ ያለ የፎከስ ሞተር ያለው)፣ ኒኮን የያዘ 18-140 ወይም 18-105 ይፈልግ፤ ብር ከተረፈው 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 (ዙም የሌለው፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ) ይጨምርበት። ላልቸኮለ ግን ዋናው ፍተሻው ነው። እጃችን የሚገባው ሌንስ አብዛኛው ያገለገለ ስለሆነ፣ ጥሩ ሞዴል መርጦ የተጎዳውን ይዞ መመለስ ቀላል ነው።

ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ፎቶ ቁጠሩ። የመጨረሻ 500 ፎቷችሁን በኮምፒውተር ክፈቱ፤ ዊንዶውስ ላይ የፎልደሩን አቀማመጥ ወደ ዲቴይልስ ቀይሩ፣ ከላይ የአምዶቹ ስም ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ፎካል ሌንግዝ የሚለውን ጨምራችሁ በእሱ ደርድሩ። 55 ላይ ከተከመረ ዙሙ እያጠረባችሁ ነው፤ 18-135 ይጠቅማችኋል። 18 ላይ ከተከመረ ግን ችግራችሁ ርቀት ሳይሆን የቦታ ጥበት ነው። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ክርስትና የሚያነሳ ሰው ጀርባው ግድግዳ ነክቶም ሁሉንም ሰው ማስገባት ያቅተዋል፤ ለእሱ 135 ምንም አይፈይድም። ቁጥሩ በየቦታው ተበትኖ ፎቶው ከተንቀጠቀጠ ወይም ነጠብጣብ ከበዛበት የጎደለው ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። "24-105 ትልቅ ሌንስ ነው፣ ውሰደው" የሚል ሻጭ አይጠፋም። ሌንሱ ጥሩ ነው፤ ግን የተሠራው ለፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር ላለው ካሜራ ነው። ሴንሰሩ በሚያንስ በካነን 700ዲ ወይም በ80ዲ ዓይነት ቦዲ ላይ በ1.6 ሲባዛ 24ቱ 38 ይሆንና ሳሎኑ ይጠባችኋል። 18ቱ ግን 29 አካባቢ ነው፤ ኒኮን ላይ ማባዣው 1.5 ስለሆነ 27። ፉል ፍሬም ያለው ሰው በአንጻሩ 24-105ን ይያዝ፤ ለትንሹ ሴንሰር የተሠራው የካነን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ እሱ ቦዲ ላይ ጭራሹን አይገባም።

ስለ ብርሃን በቁጥር እንነጋገር። ማታ አዳራሽ ውስጥ መልስ እየተነሳ ነው እንበል። 18-135ን 100 ላይ ስትስቡት አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሰፋል) ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ እንዲሆን አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲጨምር ነጠብጣቡ ይበዛል) 6400 ጠየቃችሁ። በኤፍ 2.8 ቢሆን 1600 ይበቃ ነበር፤ በኤፍ 1.8 ደግሞ 640 ገደማ። 50 ሚሊዋ ትንሽ ሌንስ ከትልቁ ዙም ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች ማለት ነው፤ የካነኗ ኤስቲኤም ክብደቷ 160 ግራም ብቻ ነው። ማረጋጊያው፣ ካነን አይኤስ ኒኮን ቪአር የሚለው፣ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የእስክስታውን ትከሻ አያቆምም። ይሄን የማይነግሩ ሻጮች ብዙ ናቸው።

ታዲያ 17-50 ኤፍ 2.8 ለምን አንደኛ አልሆነም? የሲግማውም የታምሮኑም ጥሩ ነው፤ ሥራው በአብዛኛው አዳራሽና ድንኳን ለሆነ ሰው እሱ ይሻላል። ሲግማው ግን 565 ግራም ነው፣ የፊልተሩ ስፋትም 77 ሚሊ ስለሆነ ፊልተሩ ራሱ ይወደዳል። ከሁሉ በላይ 50 ላይ ይቆማል። ጥምቀት ላይ ታቦቱን ከሕዝቡ ኋላ ሆኖ ለሚያነሳ፣ እንጦጦ ላይ ወፍ ለሚከተል፣ ትምህርት ቤት ምርቃት ላይ መድረኩ ለራቀበት 50 አይደርስም። የካነኑ 18-135 ኤስቲኤም 480 ግራም፣ ፊልተሩ 67 ሚሊ፣ ቅርብ ፎከሱ 39 ሳንቲ ሜትር ነው። ከስሙ ጎን ኤስቲኤም ወይም ዩኤስኤም ያልተጻፈበት የ2009 ሞዴል ግን ሞተሩ ይንጫጫል፤ ቪዲዮ ለሚቀርጽ አይሆንም።

18-200 እና 18-400 ሰው ይማርካሉ። ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ከውጭ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራ ይገባል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ አስፋልት ካልደረሰባቸው ሠፈሮች በበጋ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የሚነሳውን ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ፣ ብዙ ያገለገሉት ካሜራው ወደ ታች ሲንጠለጠል ቱቦው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ማሰሪያ ቁልፍ ያላቸው አሉ፤ እሱም የሚይዘው 18 ላይ ብቻ ነው።

ኒኮን የያዛችሁ በቀጥታ የሞዴሉን ፊደል አንብቡ። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ቦዲ ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ኤኤፍ-ዲ የሚል አሮጌ ሌንስ ብትገጥሙ በእጅ ብቻ ነው የምትሠሩት። ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ፈልጉ። ኤኤፍ-ፒ የሚለው ደግሞ ዲ3400፣ ዲ3500 እና ዲ5600 ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ዲ90፣ ዲ3100 እና ዲ7000 ላይ አውቶፎከሱ አይሠራም። 18-105 ከኋላ ያለው መግጠሚያ ፕላስቲክ ነው፣ የ18-140ው ብረት ነው። ዋጋቸው ከተቀራረበ 18-140ን።

ዋጋ አልጻፍንም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያለፈው ወር ዋጋ ለዛሬ አይሆንም። ግን ሌንሱን ብቻውን ከመግዛታችሁ በፊት ቦዲና 18-135 አብሮ የሚሸጥ ሰው ጠይቁ፤ ልዩነቱ አንዳንዴ ያስገርማል፣ የራሳችሁን አሮጌ ቦዲ መልሳችሁ መሸጥም ትችላላችሁ።

ወደ ፍተሻው። ሱቅ ሄዳችሁም ይሁን በቴሌግራም አይታችሁ አያት ባቡር ጣቢያ ጋ ብትገናኙ፣ የራሳችሁን ቦዲ፣ ሙሉ ባትሪ፣ ባዶ ሜሞሪ ካርድ ያዙ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። "እቸኩላለሁ" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እናንተም ቸኩላችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ ሁለቱንም ክዳን አንስታችሁ የስልክ መብራት ከኋላ በኩል አግድም አብሩበት። የኒኮን ጂ ሌንስ አፐርቸሩ ዝግ ሆኖ ስለሚቀመጥ ከኋላ ያለችውን ትንሽ የብረት ምላስ ገፋ አድርጋችሁ ክፈቱት። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ፎቶ ላይ አይታይም፣ አትደንግጡ። ከጠርዝ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ሥር የተቀጣጠለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። እንደ ወተት የደፈረሰ ስስ ሽፋን ካለም ንፅፅሩ ሞቷል። ከፊት መስታወት ጭረት ይልቅ የኋላው ጭረት ይጎዳል።

ቀጥሎ ዙሙን ከ18 እስከ 135 በዝግታ አዙሩት። አሸዋ እንደመፍጨት ካለ አቧራ ገብቶበታል፤ አንድ ቦታ ላይ ያዝ ካደረገ ወድቋል ብላችሁ ጠርጥሩ። የፊቱ ቱቦ ትንሽ መወዛወዙ የተለመደ ነው። የኤስቲኤም ፎከስ ቀለበት ካሜራው ጠፍቶ ብታዞሩት ምንም አያንቀሳቅስም፤ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሌንስ የሚመልስ ሰው አለ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘላት ፍተሻ። ካሜራውን ኤቪ (አፐርቸሩን እናንተ የምትመርጡበት) ላይ አድርጉ፤ ኒኮን ላይ ኤ ነው። በ18፣ በ35፣ በ70 እና በ135 ላይ መጀመሪያ በሰፊው አፐርቸር፣ ከዚያ በኤፍ 8፣ ከዚያ በኤፍ 11 አንዳንድ ፎቶ አንሱ። ካነን ላይ "ኢረር 01" ከመጣ ሻጩ "ኮንታክቱ ቆሽሾ ነው" ይላችኋል። እሺ በሉትና በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ከጠረጋችሁ በኋላ በሰፊው አፐርቸር ያነሳና በኤፍ 8 ላይ እንደገና ከቆመ ቆሻሻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አፐርቸሩን የሚያዘው ስስ የኬብል ሪባን ዙሙ በተዞረ ቁጥር እየታጠፈ ተሰንጥቋል። በሰፊው ሲያነሳ አፐርቸሩ መንቀሳቀስ ስለማያስፈልገው ነው ስህተቱ የማይታየው። ለመጠገን ሌንሱ መፈታት አለበት፤ ሲገጠም ደግሞ መስታወቶቹ ትንሽ ከተዛነፉ ጥርት ማለቱ አይመለስም።

መዛነፍን ለማየት ደግሞ ከአባዶ የተሻለ ላቦራቶሪ የለም፤ ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ሞልቷል። ከግድግዳው 3 ሜትር ራቁ፣ ካሜራውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጉ፣ አይኤስኦ 100፣ ሻተር 1/250 ወይም ከዚያ በላይ፣ ኤፍ 5.6፣ ፎከሱ መሀል ላይ። በ18 ካነሳችሁ በኋላ በ35፣ በ55 እና በ135 ድገሙ፤ 135 ላይ 8 ሜትር ያህል ራቁ። አራቱን ማዕዘን አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ የሲሚንቶው ቀዳዳዎች ይታያሉ ወይ? አራቱም እኩል ብዥ ካሉ የሌንሱ ጠባይ ነው፣ ኤፍ 8 ላይ ይሻሻላል። ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ እንደ ሊጥ ከሆነ ሌንሱ ተዛንፎ ሊሆን ይችላል። ከመወሰናችሁ በፊት ካሜራውን ገልብጣችሁ አንድ ጊዜ አንሱ፤ ፎቶውን አቃንታችሁ ስታዩት ብዥታው ወደ ግድግዳው ግራ ከዞረ ጥፋቱ የሌንሱ፣ እዚያው ቀኝ ከቀረ የእናንተ አቋቋም ነው።

በመጨረሻ አንዱን ብሎኬት በቪውፋይንደር (በዓይን መመልከቻው)፣ ከዚያ በላይቭ ቪው (በስክሪኑ) ፎከስ አድርጋችሁ አንሱ። ላይቭ ቪው ጥርት ብሎ የቪውፋይንደሩ ብዥ ካለ ሌንሱና ቦዲው አልተስማሙም፤ በርካሽ ቦዲዎች ላይ ማስተካከያው ስለሌለ ሌላ ሌንስ ፈልጉ። ማረጋጊያውን በ135 እና በ1/30 አሥር ጊዜ ሞክሩት፤ አብዛኞቹ ጥርት ካላሉ አይሠራም። እንጦጦ ላይ ሆናችሁ ከተማውን በ135 እኩለ ቀን ላይ አንስታችሁ "ሌንሱ ብዥ ይላል" እንዳትሉ ግን፤ እሱ ጭጋግና የሚንቀለቀል አየር ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድገሙት።

ከገዛችሁ በኋላ ክረምቱን አስቡ። ሻጋታ የሚወደው እርጥበትና ጨለማ ነው፤ የቆዳ ቦርሳ ሁለቱንም ይሰጠዋል። ጥሩ የሚገጥም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡ። ከጫማ ካርቶን የወጣችው ከረጢት ግን ውኃ ጠጥታ የጨረሰች ናት፤ ፍሬውን ዘርግፋችሁ ደረቅ ምጣድ ላይ በዝቅተኛ እሳት ካላሞቃችሁት አይሠራም። ያ ምጣድ ከዚያ በኋላ ለምግብ አይሁን።

17-50 ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይዛችሁ ኑ። ከ18-135 ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ እናስተያየዋለን፤ ውጤቱ አራተኛው ማስታወሻ ላይ ይወጣል።