ፎርድ ከሐረጎ ዳገት ሲታይ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሁሉ ሐረጎን መውጣት ግዴታው ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ኮምቦልቻ ተነሥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደሴ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ፣ በሁለቱ ከተሞች አንድ መኪና ጥሩ ነው የሚባለው ጭነት ይዞ ሐረጎን በስንተኛ ማርሽ እንደወጣና ሲወርድም ፍሬኑ ሳይግል መድረሱ ታይቶ ነው። በዚህ ፈተና ስማቸው የጸና መኪኖች አሉ፤ የጣሊያኑ ፊያት ኤን ስሪ በአዛውንት ሹፌሮች ዘንድ እስከ ዛሬ በአድናቆት ይነሣል፣ ቶዮታንማ የሚያማው የለም። ስለ ፎርድ ሲጠየቅ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «መኪናውስ ጥሩ ነው፤ ዕቃው ግን…» ተብሎ ሳይቋጭ ይቀራል። ፎርድ ሬንጀር ፒካፕ ለመግዛት ባሰብኩ ጊዜ ከጎረቤትም ከጋራዥም የሰማሁት ይህንኑ ነበር። የኩባንያውን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት መልሱ ስላላረካኝ ነው። አንብቤ ስጨርስ ግን የከተማችን ሰው ነገሩን ሳያነብ እንደደረሰበት ተረዳሁ፤ ፎርድን ታላቅ ያደረገው መኪናው በባለቤቱ እጅ የሚጠገን መሆኑ ነበር፣ ከባለቤቶቹ ጋር በየጊዜው ያጣላውም ይህንን መዘንጋቱ ነው። ከዚህ በታች የኩባንያውን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን ዓ.ም እያልኩ እጽፋለሁ።

ሄንሪ ፎርድ በ1863 በሚሺጋን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የእርሻ ሥራን ባይወድም የገበሬን ችግር አሳምሮ ያውቅ ነበር። በዲትሮይት ከተማ በኤዲሰን የመብራት ኩባንያ መሐንዲስ ሳለ በትርፍ ጊዜው በአራት የብስክሌት ጎማዎች ላይ የቆመች የመጀመሪያ ተሽከርካሪውን በ1896 ሠርቶ ጨረሰ፤ ከጨረሰ በኋላ ተሽከርካሪዋ በመሥሪያ ክፍሉ በር የማትወጣ ሆና ስለተገኘች የግድግዳውን ጡብ አፍርሶ አወጣት። መጀመሪያ የገባበት ኩባንያ ፈረሰ፤ ሁለተኛውን ከባለ ገንዘቦቹ ጋር ባለመስማማቱ ትቶት ሄደ፣ እርሱ ከወጣ በኋላም ያ ኩባንያ ካዲላክ ተባለ። ፎርድ ሞተር ኩባንያ የተመሠረተው በሦስተኛው ሙከራ፣ በጁን 1903፣ በ28,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ነው።

የኩባንያው ታሪክ በእውነት የሚጀምረው ግን በ1908 ሞዴል ቲ ሲወጣ ነው። ሞተሩ 2.9 ሊትር፣ ጉልበቱም 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በደሴ ጎዳናዎች ላይ ካሉት አነስተኛ የቤት መኪኖች ሁሉ ያነሰ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቫናዲየም በተቀላቀለበት ብረት ስለተሠራ ቀላልም ጠንካራም ሲሆን፣ ሻንሲው ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ በጊዜው የአሜሪካ ገጠር የነበረውን ጭቃና ኮረኮንች ይችል ነበር። የአንዱ መኪና ዕቃ ያለ ሞረድ ለሌላው ይገጥማል፤ መለዋወጫው በትናንሽ የገጠር ከተሞች ሱቅ ሳይቀር ይሸጣል፤ የገዛው ገበሬም መፍቻና ሽቦ ይዞ ራሱ ይጠግነዋል። አንዳንዱ ገበሬ የመኪናውን የኋላ እግር በክሪክ አንሥቶ ቺንጋ በማጥለቅ እንጨት ይሰነጥቅበት፣ ውሃም ይስብበት ነበር። ለእኔ የሄንሪ ፎርድ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ሰዎች ስለ እርሱ ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚያነሡት የፋብሪካው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ከዚህ ቀጥሎ የመጣ ነገር ነው።

ስለዚሁ መኪና ካነበብኩት ሁሉ ለሐረጎ ሰው የሚጥመው ግን የዳገት አወጣጡ ነው። ሞዴል ቲ የነዳጅ ፓምፕ አልነበረውም፤ ቤንዚኑ ከመቀመጫው ሥር ካለው ማጠራቀሚያ ወደ ካርቡረተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነበር። መኪናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጣ ነዳጁ ካነሰ ወደ ሞተሩ መፍሰሱን ያቆማል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ሹፌሮቹ ያገኙት መፍትሔ መኪናውን አዙሮ ዳገቱን በሪትሮ ማርሽ ወደ ኋላ መውጣት ነበር፤ በዚህ አኳኋን ማጠራቀሚያው ከሞተሩ ከፍ ይላል፣ ደግሞም የሪትሮው ማርሽ ከመጀመሪያው ማርሽ የበለጠ ጉልበት ነበረው። ሐረጎን ከሥር እስከ ጫፍ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚወጣ ሹፌር ቢኖር ረዳቱ ምን ይለው እንደነበር መገመት አያዳግትም። ቁም ነገሩ ግን ባለቤቶቹ ጉድለቱን አውቀው መላ ማበጀት መቻላቸው ነው፤ የመኪናው አሠራር ለዓይን የተገለጠ ስለነበር ችግሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋቸውም ነበር።

በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሥራ ሲጀምር፣ አንድ ሻንሲ ለመገጣጠም ይወስድ የነበረው ከ12 ሰዓት በላይ ጊዜ ወደ 93 ደቂቃ ገደማ ወረደ። በ850 ዶላር የተጀመረው የመኪናው ዋጋም በ1925 እስከ 260 ዶላር ዝቅ አለ። ሥራው ግን አሰልቺ ነበርና ሠራተኛው እየተወ ይሄድ ጀመር፤ ፋብሪካ ባለበት ከተማ የሚኖር የኮምቦልቻ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ፎርድ በጃንዋሪ 1914 የቀን ደመወዙን ወደ 5 ዶላር፣ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 ያደረገው ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙዎች እርምጃውን ከቸርነት ይቆጥሩታል። እኔ ግን ሙሉውን ክፍያ ለማግኘት ሠራተኛው በቤቱ ጭምር በተቆጣጣሪዎች ይመረመር እንደነበር ካወቅሁ ወዲህ እንደዚያ ልለው አልቻልኩም።

ይኸው ሰው በ1920ዎቹ በገዛው ጋዜጣ በአይሁዶች ላይ የጥላቻ ጽሑፍ ያሳትም እንደነበር፣ በ1938ም ከናዚ ጀርመን ኒሻን እንደተቀበለ፣ በ1937 ደግሞ የድርጅቱ ዘበኞች የሠራተኛ ማኅበር አደራጆችን በአደባባይ እንደደበደቡ መታወቅ አለበት። ፋሺዝም በቦምብ የደበደባት የደሴ ልጅ ሆኖ ይህንን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። በነገራችን ላይ የፎርድ መኪና በዚያው ክፉ ዘመን ደሴ ደርሶ ነበር። የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያንቀሳቀሰው ጦር ከ1,700 በላይ መኪኖች ነበሩት፤ ከእነዚህም መካከል ከፊያትና ከላንቺያ ጋር የአሜሪካኖቹ ፎርድና ሼቭሮሌት ይገኙበት ነበር። ጦሩ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው ዝናብና ጭቃ እያሰጠመው፣ መኪኖቹም በሰው ጉልበት እየተገፉና እየተጎተቱ ነበር።

ወደ ኩባንያው ስንመለስ፣ ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲን አልለውጥም ብሎ ለረጅም ጊዜ በመቆየቱ በየዓመቱ አዲስ ቅርጽና ቀለም ያቀርብ የነበረው ጄኔራል ሞተርስ ገበያውን ወሰደበት። የሞዴል ቲ ምርት ከ15 ሚሊዮን በላይ ደርሶ በ1927 ቆመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የወደቁም የተሳካላቸውም ሥራዎች አሉ፤ በ1957 በከፍተኛ ማስታወቂያ የወጣው ኤድሰል በሁለት ዓመት ውስጥ ከገበያ ወጣ፣ በ1964 የወጣው ሙስታንግ ደግሞ እስከ ዛሬ ይሠራል፣ በ1948 የተጀመሩት የኤፍ ተከታታይ ፒካፖችም ከ1977 ወዲህ በአሜሪካ የፒካፕ ሽያጭ አንደኛነታቸውን አላስነጠቁም። እነዚህን በስም ጠርቼ የማልፈው ባለቤቶች ከኩባንያው ጋር የተጋፈጡባቸው ጉዳዮች የበለጠ ትምህርት ስለሚሰጡ ነው።

ከእነዚህ የታወቀው የፒንቶ ጉዳይ ነው። በ1971 ሞዴልነት የወጣው ይህ ትንሽ መኪና የነዳጅ ማጠራቀሚያው ከኋላ ጎማዎች ዘንግ (አክስል) በስተጀርባ ስለተቀመጠ፣ ከኋላ ሲገጭ ማጠራቀሚያው እየተቀደደ እሳት ያስነሣ ነበር። በ1978 በካሊፎርኒያ ከተራው ሕዝብ የተመረጠ የፍርድ ጉባኤ (ጁሪ) በኩባንያው ላይ 125 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሣ ፈረደ፤ ዳኛው ገንዘቡን ወደ 3.5 ሚሊዮን ቢያወርዱትም ኩባንያው በዚያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን መኪና ለጥገና ጠራ። በ2000 ደግሞ በኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የሚገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች ቆዳቸው እየተገሸለጠ መኪኖች በመገልበጣቸው 6.5 ሚሊዮን ጎማ ተሰበሰበ፤ ፎርድ ጎማውን፣ ፋየርስቶን መኪናውን ሲወቅሱ ከሄንሪ ፎርድ ዘመን የጀመረው የሁለቱ ድርጅቶች ወዳጅነት ተቋረጠ። ለአፍሪካ የሚቀርበው ምሳሌ የደቡብ አፍሪካው ኩጋ ነው። ባለ 1.6 ሊትሩ ኩጋ የማቀዝቀዣ ውሃው እየጎደለ ሞተሩ ሲግል የሲሊንደር ራሱ ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ የሚወጣው ዘይትም የጋለ ብረት ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ባለቤቶቹ የተቃጠሉ መኪኖቻቸውን ፎቶ እያወጡ አንድ ላይ ድምፃቸውን ባሰሙ ጊዜ 4,556 መኪኖች በጃንዋሪ 2017 ተጠሩ። በእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ፤ ከሞዴል ቲ ሹፌሮች በተለየ፣ እነዚህ ባለቤቶች ጉድለቱን ቢያውቁትም እንኳ በእጃቸው ምንም ሊያደርጉት አይችሉም ነበር።

ለፍትሕ ያህል ደግሞ፣ በ2006 ኩባንያው ፋብሪካዎቹንና ሰማያዊ ዓርማውን ሳይቀር አስይዞ 23.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በመበደሩ፣ በ2009 ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር በኪሣራ ፍርድ ቤት ሲገቡ እርሱ ከዚህ ዕጣ ተርፏል። እኛ ዘንድ የሚታየው ሬንጀርም ከዚያ በኋላ በ2011 የወጣው ትውልድ ነው፤ ለአፍሪካ ገበያ የተሠራው ፕሪቶሪያ አጠገብ ባለው የሲልቨርተን ፋብሪካ ነው።

የእኔ ሬንጀር አንድ የተራድኦ ድርጅት በጨረታ ካወጣቸው መኪኖች አንዱ ነው። ባለ 3.2 ሊትር ናፍጣ፣ ባለ አምስት ሲሊንደር፣ ደብል ጋቢና ነው። የሞተሩ የመጠምዘዝ ጉልበት 470 ኒውተን ሜትር በመሆኑ ሐረጎን ጭኜ ስወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሳልጨናነቅ እሄዳለሁ፤ ስወርድም ማርሽ ቀንሼ በሞተሩ እይዘዋለሁ እንጂ ፍሬን ላይ አልተኛም። በደሴ የክረምት ጠዋት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ሳለ፣ እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

ነገር ግን ይህ ሞተር ለየት ያለ ጠባይ አለው፣ እሱንም ያስተማሩኝ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። እንደ አገሩ ልማድ ዘይት የሚቀየርለት መኪና የዘይት ቡሎኑ ተፈትቶ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ይተዋል፣ መካኒኩም እስከዚያ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። እኔም ይህንኑ ጠብቄ «ጋሼ፣ ቡና ልጋብዝዎት?» ስላቸው «የለም ልጄ፣ የዚህኛው ዘይት ሳይገባ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አሉኝ። ምክንያቱን ኋላ አንብቤ አረጋገጥኩ። የ2.2 እና የ3.2 ሊትሩ ሞተሮች የዘይት ፓምፕ እንደ አስፈላጊነቱ መጠኑን የሚለዋውጥ ዓይነት ስለሆነ፣ ዘይቱ ተፈትቶ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከቆየ በፓምፑ ውስጥ ያለው ዘይት ጭምር ይወርዳል፤ ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ አየር እንጂ ዘይት አይስብም፣ ሞተሩም በደረቁ ዞሮ ይነክሳል። ይህ ከሁሉ በፊት ለባለቤቱ ሊነገር የሚገባው ነገር ነበር፤ በጨረታ የተገዛ መኪና ግን ከነመመሪያ መጽሐፉ እምብዛም አይመጣም። አዛውንቱ ያወቁት በዚሁ ምክንያት የነከሰ ሞተር ከሌላ ጋራዥ ተጎትቶ ስለመጣላቸው ነው።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን መኪኖች ጠግኖ ማቆየት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ሬንጀር ልግዛ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ሊብሬውን ከማየቱ በፊት የዘይት ፓምፑን ጠባይ የሚያውቅ መካኒክ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ እንዲያፈላልግ፣ ቀጥሎም የነዳጅ ፊልትሮና የፍሬን ሸራ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሊልክለት የሚችል ሻጭ ስልክ እንዲይዝ እመክረዋለሁ። ሲሞክረውም ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ውሃ መጠን ይይ፣ ሐረጎን ያውጣው፣ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ደግሞ ይይ፤ በውጭ የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ውሃው ጎድሎ ከተገኘ ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል ማቀዝቀዣ ወደ ውስጥ እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተወው።