ድልድዩን እንደ መቅደስ የሣለው ሠዓሊ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጥቂት ቆይቼ፣ ከመቅደሱ በሮች በላይ ያለውን ስቅለትና ከእርሱም በላይ የተሣሉትን ሥላሴ ቀና ብዬ ስመለከት፣ ሐሳቤ ሳላስበው ኒውዮርክ ገባ። ምክንያቱ ሰሞኑን ሥራዎቹን ስከታተል የከረምኩት ሠዓሊው ጆሴፍ ስቴላ ነው።

ስቴላ እ.ኤ.አ. በ1877 በደቡብ ጣሊያን፣ ሙሮ ሉካኖ ተወለደ። በ1896 ሐኪም ወንድሙ ወዳለበት ኒውዮርክ ተሻግሮ ሕክምና ቢጀምርም፣ ብዙም ሳይቆይ ትቶት ሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። በ1908 ለአንድ መጽሔት የፒትስበርግን ሠራተኞች በከሰል ነደፈ። በ1912 ፓሪስ ውስጥ ፍጥነትንና የማሽንን ዘመን የሚያወድሱትን፣ ፉቱሪስት የተባሉትን ያገሩን ልጆች ሥራ ካየ በኋላ ግን እጁ ተለወጠ፤ የኒውዮርክን የባሕር ዳር መዝናኛ በሚያሳየው በኮኒ አይላንድ ሥዕሉ ሕዝቡ ከመብራቱ ጋር ተደባልቆ ሁሉም ብልጭታ ሆኗል።

ለእኔ ግን ስቴላን ስቴላ ያሰኘው በ1919 እና በ1920 የሣለው የብሩክሊን ድልድይ ነው። የድንጋይ ማማዎቹን ሾጣጣ ቅስቶች እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ወስዶ፣ የብረት ገመዶቹን ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል ስቦ፣ ተመልካቹን በሌሊት ደጃፍ ላይ ያቆመዋል። ራሱም ድልድዩን የአዲሱ የአሜሪካ ሥልጣኔ ጥረት ሁሉ የተሰበሰበበት መቅደስ አድርጎ እንዳየው ጽፏል። ሥዕሉን በስልኬ ያሳየሁት ዲያቆን ጎረቤቴ ግን አተኩሮ አይቶ፣ «መጋረጃው የታለ?» አለኝ።

ወዲያው የተከተለውና ዛሬ በኒውአርክ ሙዚየም የሚገኘው የኒውዮርክ ሥዕሉ በአምስት ገበታዎች የተሠራ ነው፤ ወደቡ፣ በመብራት የደመቀው የብሮድዌይ ጎዳና በሁለት ገበታ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቆቹና ድልድዩ ጎን ለጎን ቆመዋል። እኛ ተጣጣፊ ሥዕል ስንከፍት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በምናገኝበት በመሐለኛው ቦታ፣ እርሱ 2.5 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገበታ ላይ ፎቆቹን እንደ መርከብ አፍንጫ አሹሎ አቁሟቸዋል። በጎንደር ሥዕል ግርጌ ያሠራው ሰው ተደፍቶ ሲማጠን ይታያል፤ በስቴላ ግርጌ የተዘረጋው የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ነው።

በኋላ አበባ፣ ወፍና ማርያምን መሣሉን እንደ መድከም የቆጠሩበት ተቺዎች አሉ። እኔ አልስማማም፤ ማርያምን የሣለው እጅ ድልድዩን ከሣለው እጅ የተለየ ሆኖ አላገኘሁትም። ከመሞቱ 7 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1939፣ ያንኑ ድልድይ እንደገና ሥሎታል፤ ቅስቶቹም እዚያው መሐል ላይ ናቸው።