እግዜር ይማርሽ

ዛሬ ጠዋትም የበሩ ጥበቃ "ካርድ ክፍል በዚያ በኩል ነው" አለኝ። አዲስ ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። ጋውኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ የምትታየው ክራንቼ ብቻ ናት።

ኢንተርን ነኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ የምለማመድ ሐኪም። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። የደረጃውን ነገር ሌላ ቀን አወራችኋለሁ።

ሰው ሁሉ "ፖሊዮ ነው?" ይለኛል። አይደለም፣ መርፌ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ አተኮሰኝ። እማዬ ሰፈር ውስጥ ካለ ክሊኒክ ወሰደችኝ፣ መቀመጫዬ ላይ ወጉኝ። በማግስቱ ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለ። "ብርድ መቷት ነው" አሏት። ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ፣ ጠበል አስጠመቀችኝ። ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አናቶሚ ክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን የካዳቨሩን፣ ማለትም የመማሪያውን አስከሬን፣ መቀመጫ ከፍቶ ሳያቲክ ነርቭን አሳየን። ትንሿን ጣቴን ያክላል። መቀመጫ ውስጥ አልፎ እስከ እግር ይወርዳል። ለዚህ ነው ሕፃን ልጅ መቀመጫው ሳይሆን ጭኑ ላይ የሚወጋው። ሌሎቹ ማስታወሻ ይጽፋሉ፣ እኔ እግሬን አያለሁ። ለእማዬ ግን እስከዛሬ አልነገርኳትም።

ከትምህርቱ ሁሉ የፈራሁት ሲፒአርን ነበር፤ ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑ ለማትረፍ መሞከርን። ደረትን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው። ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ የእኔ አንዱ የክራንች ነው። አንድ ሲኒየር "አንቺ ሰዓት ያዢልን" አለኝ። ለምኜ ለምኜ አልጋው ላይ ወጣሁና የመለማመጃው አሻንጉሊት አጠገብ ተንበረከክሁ። በክራንች ያደገ ክንድ እንዲህ በቀላሉ አይዝልም! በየ2 ደቂቃው መቀያየር ደንብ ነው፤ ቀያሪዬ ከእኔ ቀድሞ ማለክለክ ጀመረ። ሰዓት የያዘው ሲኒየሩ ራሱ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሕፃናት ዋርድ ነበርኩ። ለአንድ የሰባት ወር ልጅ መርፌ ታዘዘ። ተለማማጇ ነርስ በሆዱ አስተኝታ ዳይፐሩን መፍታት ጀመረች።

"ጭኑ ላይ!"

ጮኬ ኖሯል። እናትየውም፣ ነርሷም ደነገጡ። ይቅርታ ጠየቅሁና ቦታውን ለነርሷ በጣቴ አሳየኋት። እናትየው ክራንቼን አየት አደረገችና "እግዜር ይማርሽ፣ ዶክተር" አለችኝ። "አሜን" አልኩ። ልጁ ተወጋና እሪ አለ። በሁለቱም እግሮቹ ይፈራገጣል። ዝም እስኪል ቆሜ አየሁት።